የጠፋው ሰባት ፕዮንግ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ በኮሪያ አገር በተራሮች መሐል ባለ መንደር ማንሱ የሚባል የሩዝ ገበሬ ነበር። በዚያ አገር መሬትም ቤትም የሚለካው በፕዮንግ ነው። አንድ ፕዮንግ ሰው በጀርባው ተንጋሎ እጅና እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ቦታ ነው። ማንሱ ማሳውን በዚህ ልክ ያውቀው ነበር። ሌላ ብዙ ነገር አያውቅም።

ሚስቱን ሱንየን እግሯ ከዳት። ሐኪም ቤት ያለው ከተማ ነው። ማንሱ ከሦስት ልጆቹ ጋር ተማክሮ ማሳውን ሸጠና ገና በመሠራት ላይ ያለ አፓርታማ ገዛ። ከማሳው ጥግ ሁለት ፕዮንግ ብቻ አስቀረ፤ አንዱ ለእሷ መቃብር፣ አንዱ ለራሱ።

የአፓርታማው ሻጭ «ሠላሳ ሁለት ፕዮንግ ነው» ብሎት ነበር። ማንሱ ማሳውን ከማስረከቡ በፊት፣ አጨዳው ባለቀበት መሬት ላይ ችካል ተክሎ ሠላሳ ሁለት ፕዮንግ በገመድ ከለለ። ሱንየን አዝሎ አመጣት።

«ይኼ የልጆቹ ነው። ይኸኛው ያንቺ። መስኮቱ በፀሐይ መውጫ በኩል ነው።»

«ገመድህን ይዘህ ከተማ ልትገባ ነው?» ብላ ሳቀችበት። «መስኮቱ ካለ ይበቃኛል።»

ቤቱ አልቆ ሲገቡ የእሷ ክፍል የለም። በእርሻ ላይ የተቆጠረው ሁሉ ይታረሳል። በአፓርታማ ግን የደረጃው፣ የአሳንሰሩና የመተላለፊያው ድርሻ አብሮ ይቆጠራል። ውስጡ ሃያ አምስት ነበር። ሻጩ አልዋሸም፤ ከተሜ ሁሉ የሚያውቀውን ማንሱ አልጠየቀም። የጎደለው ሰባት ፕዮንግ በገመዱ ላይ የሱንየ ክፍል ነበር። አልጋዋ በሩ ሥር፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ተዘረጋ።

የመጀመሪያው ልጅ ዮንግሆ ክፍሉን ለእናቱ ለቀቀ። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ምድር ቤት ተከራየ። እርጥበቱ የልጁን ደረት ያዘው። ለሱንየ የተለቀቀው ክፍል መስኮት ግን የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነበር።

ሴቷ ልጅ ኦክሂ ሠርጓ ሁለት ወር ሲቀረው ቀለበቱን መለሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ሥር ወለል ላይ እየተኛች እናቷን አገላበጠቻት። «ልጄ፣ ተይኝና ሂጂ» ስትላት፣ «እማ፣ እግርሽን ወደዚህ» ትላታለች። 

አንድ ቀን ሱንየ «አፈሩን አንዴ ልንካው» አለች። ብርዱ የጠናበት ክረምት ነው፤ ሐኪሙ ከቤት እንዳትወጣ ከልክሏል። ዮንግሆና ኦክሂ እምቢ አሉ። ትንሹ ልጅ ጆንግሺክ ግን አዝሏት መንደር ድረስ ወሰዳት። በቀረችው መሬት ላይ አስተኛት። እጆቿን ዘረጋች።

«ልኩ ነው» ብላ ሳቀች።

ብርዱ ሳንባዋን መታት። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ኦክሂ «ገደልካት» አለችው።

«አንቺ ዘንድ ስቃ ታውቃለች?» አላት ጆንግሺክ።

ዮንግሆ «የኔ ልጅ እስካሁን ያስላል» አለ። 

ማንሱ መቃብሩን የለካበትን ያንኑ ገመድ ከችካሉ ፈታ። ከዚያ «መስኮት አለሽ ብያት ነበር» አለ። «እኔ ከጎኗ አልተኛም። ቦታዬን ከእናንተ ለአንዱ እተዋለሁ።»

ሦስቱም «ለእኔ ስጠኝ» አሉት። እሱ ግን ገመዱን ጠቅልሎ ወረደ። ለማን እንደሆነ ሳይናገር ዓመት አለፈ፤ ባዶዋ ፕዮንግ ሣር በቅሎባታል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ከሱንየ ጎን መተኛት የሚገባው ማነው? ክፍሉን የለቀቀላት? ትዳሯን የተወችላት? አፈሩን ያስነካት? ወይስ ያንን መስኮት በገመድ ያሳያት ሰውዬ?