ሳይጠሩት ቤት የተሸከመው ሰው

ወገኖቼ፣ እኔን በሰው ፊት ያዋረደኝ ሰው አቶ ጫንያለው ነው። ስሙን የምጠራው ዛሬም እዚሁ ስለተቀመጠ ነው፤ በሌለበት አላማሁትም። ቀኑ ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ፣ የዚህ የጸሎት ቤት ቆርቆሮ የተመታበት ቅዳሜ ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ጥላ ፈልጎ በተቀመጠበት፣ «ይሄ ደግሞ አምስተኛ ክፍልን በመስኮት አይቶ የተመለሰ ሰው፣ እኛን ሊያስተምር ነው?» አለ። ሰው ሳቀ። አንዳንዶቻችሁም ስቃችኋል። ማን ማን እንደሳቀ አውቃለሁ።

የዚያን ዕለት መልስ ነበረኝ። ስለ መልሱ በኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን ስለ አንድ ሌላ ሰው ልንገራችሁ።

ጅዳ ለሥራ በነበርኩ ጊዜ፣ ሩስሊ ከሚባል የኢንዶኔዥያ ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምኖረው። በሁለታችንም ኮልታፋ ዓረብኛ ብዙ አውርተናል። ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ የመንደሩ ታሪክ ነው።

በእነሱ መንደር ቤት የሚሠራው ከእንጨት ነው። በረጃጅም ቋሚዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል። ቋሚው ግን አይቀበርም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ መሬቱ የአንዱ፣ በላዩ ያለው ቤት የሌላው ሊሆን ይችላል። ቦታ መለወጥ የፈለገ ሰው ቤቱን አያፈርስም። ከወለሉ ሥር ረጃጅም ቀርከሃ ይታሰራል፣ የመንደሩ ወንዶች ይሰበሰባሉ፣ ቤቱን ከነጣሪያው ብድግ አድርገው በትከሻቸው ይወስዱታል። አትሳቁ። እኔም ስቄ ነበር፣ ሩስሊ ተቆጣኝ።

ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለም። ግን አንድ ደንብ አላቸው። ባለቤቱ ራሱ በየበሩ ሄዶ «ነገ ትከሻህን አውሰኝ» ብሎ መለመን አለበት። ያልተጠራ አይመጣም። ሳይጠሩት ቢመጣ ነውር ነው፤ ሰርግ ላይ ሳይጠራ እንደተገኘ ሰው ነው የሚታየው።

በዚያ መንደር አንድ ሰው ነበር። ቤት ነበረው፣ መሬት አልነበረውም። ቤቱ የቆመው ቤዱ በሚባል ባለመሬት ግቢ ጥግ፣ ወንዙ ዳር ነው። ቤዱ ልጁን በዳረ ዕለት ይህ ሰው እንደ ጎረቤት ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ። ምግብ ሲቀርብ ከእንግዶቹ ጋር ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ቤዱ አየውና፣ «እሱ እንኳ ትንሽ ይቆይ። የሱ ዶሮ የምትጭረው በእኔ ፈቃድ ነው» አለ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲያልፍ ልጆች እንደ ዶሮ ይጮኹበት ጀመር።

ወገኖቼ፣ ተሰድባችሁ ታውቃላችሁ? ተናጋሪው በአንድ ትንፋሽ ተናግሮት ይረሳዋል። ተሰዳቢው ግን ወደ ቤቱ ይዞት ይገባል። ይህ ሰው በሰው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሩዝ ሲተክል መልሱን ያዘጋጃል። በማግስቱ ያሻሽለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሩዝ ሲተከል መልሱም አብሮት አለ።

በኋላ አጎቱ ሞተና ከዳገቱ ላይ ጥሩ መሬት አወረሰው። ቤቱን ወደዚያ ለመውሰድ በየበሩ ለመነ። ደንብ ነውና የቤዱም በር ሄደ። ቤዱ ትከሻዬን አሞኛል ብሎ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ወንዙ አቅጣጫውን ለወጠ። ዝናብ በመጣ ቁጥር የቤዱን መሬት እየቆረሰ ይወስድ ጀመር። መጀመሪያ የሙዝ ተክሉ ሄደ፣ ከዚያ በረቱ፣ ከዚያ ያ ሰው ይኖርበት የነበረው ጥግ። በመጨረሻ ወንዙ ከቤዱ ቤት ቋሚ ሥር ደረሰ። ባለመሬቱ መሬት አልባ ሆነ። የቀረው ቤቱ ብቻ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እግራቸው የማይታዘዝላቸው እናቱ አሉ።

ቤዱ በየበሩ ሄደ። ሁሉንም ለመነ። የዚያ ሰው በር ሲደርስ ግን ቀና ብሎ ሳያይ አለፈ። ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ አየው። ለምን አለፈው? ጠልቶት ነው? ሩስሊ «አፍሮ ነው» አለኝ። የሰደበውን ሰው ትከሻ መለመን ከወንዙ ይልቅ አስፈራው።

ጠዋት ሰው ተሰበሰበ። ቤቱን ለጊዜው መንገድ ዳር ለማቆም ነው ሐሳባቸው፤ ቤዱ ሌላ የት አለው? ዕቃው ወጣ። እናትየው ግን አልወርድም አሉ። «እዚህ ቤት በሙሽርነት ነው የገባሁት። የምወርድበትን ቀን እኔ አውቃለሁ» ብለው መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ከነእሳቸው አነሱት።

ቤቱ ብድግ አለ። ነገር ግን በወንዙ በኩል ያለው የፊት ጥግ ሰው አንሶታል፤ መሬቱ እየተናደ ስለሆነ ሁሉም ወደ ደረቁ በኩል ተጠግቷል። ቤቱ ዘመመ። መሄድም አቃታቸው፣ ማስቀመጥም አቃታቸው። አሮጊቷ በመስኮት ወንዙን ቁልቁል ያያሉ።

ያ ሰው ከዳገቱ ላይ፣ ከደረጃው ሁሉን ያያል። አልተጠራም። ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ደንቡ ከሱ ጋር ነው። ወንዙም ከሱ ጋር ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ ለጌታ ነግሬዋለሁ፤ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ሰውየው ተነሣ። ወረደ። በዚያ በሚናደው ጥግ ገባና ትከሻውን ከቀርከሃው ሥር አስገባ። ቤቱ ቀና አለ።

ጉዞ ተጀመረ። ፊት ያለው ወዴት እንደሚያዞር ኋላ ያለው አያይም፤ ራሱ ወለል ሥር ነው። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ሰውየው አልቆመም። ወደ ዳገቱ አዞረ።

«ኧረ ወዴት ነው የምትወስዱኝ?» አሉ አሮጊቷ።

«እማማ፣ እኛ ምን እናያለን» አለ አንዱ ከሥር። «እርስዎ ካዩ ይንገሩን።»

እየሳቁ፣ እያለከለኩ ወጡ። ሰውየው የቆመው በገዛ መሬቱ ላይ፣ ከራሱ ቤት አጠገብ ነው። እዚያ ቀስ ብለው አሳረፉት።

ቤዱ መጣ። ላቡን እንኳ አልጠረገም። በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ «እንግዲህ በለኛ» አለው። «የእኔ ዶሮስ ከዛሬ ጀምሮ በማን ፈቃድ ነው የምትጭረው?»

መልሱ እኮ አለ፣ ወገኖቼ። ማሳ ውስጥ ሲያሳምረው የኖረው መልስ አፉ ላይ ነው። ጥያቄውን እንኳ ራሱ ሰዳቢው አቀረበለት።

ሰውየው ትከሻውን እያሸ ዞረና ሄደ። አልመለሰለትም።

ሩስሊን «ይቅር ብሎት ነው?» አልኩት። «እኔ እንጃ» አለ። «ቤቱ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል።»

እናንተስ? ደረጃችሁ ላይ ተቀምጣችሁ የምታዩት የማንን ቤት ነው? ወንድማችሁ ታሞ «አልነገረኝም» ብላችሁ የቀራችሁ አላችሁ። እህታችሁ አዝና «አልላከችብኝም» ብላችሁ የቀራችሁ አላችሁ። የበደላችሁ ሰው መጥቶ እስኪለምናችሁ የምትጠብቁ አላችሁ። አይመጣም። አፍሯል። እናንተ ስትጠብቁ ወንዙ አይጠብቅም።

ጌታችንስ ወደ እኛ የመጣው ከእኛ ማን በሩ ድረስ ሄዶ ለምኖት ነው? ሳንጠራው አይደለም ወይ ትከሻውን የሰጠን?

ልባችን ይለስልስና እንሄዳለን አትበሉ። የእኔ ገና አልለሰለሰም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ትከሻ ግን ልብን ሳይጠብቅ መነሣት ይችላል። ያ ሰው እንደዚያ ነው ያደረገው።

ሐሙስ ዕለት የነፈሰው ነፋስ የአቶ ጫንያለውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጥሎታል። ዝናቡ እየመጣ ነው። ለሥራው ሰው እየጠራ እንደሆነ ሰምቻለሁ። በግራዬ ያለውን ቤት ጠርቷል፣ በቀኜ ያለውን ጠርቷል፣ የእኔን በር አልፏል።

አቶ ጫንያለው፣ ቅዳሜ ጠዋት መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ። አምስተኛ ክፍልን በመስኮት ያየ ሰው ሚስማር መምታት አያቅተውም። የመጨረሻው ቆርቆሮ ሲመታ፣ ምሳ ሳልጠብቅ ወርጄ እሄዳለሁ።

መልሴን በኋላ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፣ ወገኖቼ። አልነግራችሁም።