ለንቦች ምክር የሰጠው ሰው

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ጥግ ያለኸው፣ ያንን ልጅ መቆንጠጥህን ተውና ስማ። ተረት ላወራ ነው። የሚያውቀው ሳያቋርጠኝ ይስማ፤ የማያውቀውም እንደሚያውቅ ሆኖ አንገቱን አይነቅንቅ።

በድሮ ዘመን በአንድ ደጋ አገር ልንገርህ የሚባል ሰው ነበረ። ሀብታም አልነበረም፤ ደሃም አልነበረም። አንድ ጎጆ፣ አንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ አንዲት ፍየል፣ በቁልቋል የታጠረች አንዲት ትንሽ ጓሮ ነበረችው። ሚስቱ ትጓደድ ትባላለች፤ ሥራዋ ብዙ፣ ንግግሯ አጭር። ልጃቸው ማንጠግቦሽ ናት፤ አንዲት ናት፣ ሌላ የላቸውም።

ልንገርህ ሥራ አይጠላም ነበር። ከሥራ የሚበልጥበት ግን ምክር ነው። አራሹን እያረሰ ይመክረዋል። ሸማኔውን እየሸመነ ይመክረዋል። ቄሱን እንኳ እየቀደሱ ሊመክራቸው ሲል ትጓደድ በነጠላዋ ጫፍ ጎትታ አስቀረችው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እሱ ነው። የማያውቀውን ነገር ሲነግሩት ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «ይኸማ ምን አለው!» ይላል።

አትሳቁ። በየሰፈሩ አንድ አለ። በዚህ ሰፈር ማን እንደሆነ አልናገርም፤ አባቶቻችሁ ይቀየሙኛል።

ታዲያ ማንጠግቦሽ አደገች። አያ ይርዳው የሚባሉ ጎረቤት ነበሩ፤ ልጃቸው ደሴ ይባላል። ማንጠግቦሽ ደሴን ትወደዋለች። አልተናገረችም፤ ግን ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ ሁልጊዜ በእነ ደሴ ደጅ በኩል ነው፤ ምንጩ ግን በወዲያ በኩል ነበር። ደሴም ወዷት ኖሮ ለአባቱ ተናገረ፤ አያ ይርዳውም ሽማግሌ ይዘው መጡ።

ነገሩ ሁሉ አማረ። ሽማግሌዎቹ ጠየቁ፣ ልንገርህ ፈቀደ። ጠጁ ላይ ሲደርሱ ግን ነገር መጣ። አያ ይርዳው ሃያ ቀፎ ያላቸው፣ በአገሩ የታወቁ ንብ አርቢ ናቸውና፣

«ለሠርጉ ጠጅ ማሩን እኔ ልስጥዎ» አሉ በትሕትና።

ልንገርህ ደረቱን ነፋ። «ምን ሲባል! የልጄ የሠርግ ጠጅ የሚጣለው ከገዛ ቀፎዬ በተቆረጠ ማር ነው። ሚካኤልን! ያ ጠጅ ሳይቀርብ ልጄ ከቤቴ አትወጣም!»

«ቀፎ አለዎት እንዴ?»

«የለኝም።»

«ንብ አርብተው ያውቃሉ?»

«ይኸማ ምን አለው!» አለ ልንገርህ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። መሐላ ወጣ፤ በሽማግሌ ፊት የወጣ መሐላ ደግሞ አይመለስም። ማንጠግቦሽ ጓዳ ሆና ሰማች፤ የያዘችው ወንፊት ከእጇ ወደቀ። አያ ይርዳው ግን ጢማቸውን እየዳበሱ፣ «እንግዲያው ማር በሚቆረጥበት በኅዳር እንገናኝ» ብለው ሄዱ።

በመጀመሪያው ዓመት ልንገርህ ከሐረግና ከሸንበቆ ቀፎ ጎነጎነ። በእበት መረገው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ቁጭ ብሎ አሰበ። «የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ምን ይደረግለታል? አናቱን ቅቤ ይቀባል። ሙሽራ ስትመጣስ? ቅቤ ትቀባለች። ንብስ እንግዳ አይደለችም?»

የትጓደድን ለጋ ቅቤ አወጣና ቀፎውን ከውስጥም ከውጭም ለቀለቀው። ከጓሮው ብሳና ዛፍ ላይ ሰቀለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው ጠይቀሃል?» አለች ትጓደድ፣ ባዶ ቅሏን እያየች።

«ይኸማ ምን አለው!»

መስከረም ጠባ፣ ንብ ፈላ። አንድ መንጋ እየጮኸ መጣና ከቀፎው ገባ። ልንገርህ በደስታ ዘለለ። ትጓደድ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን ከንቦቹ በፊት ሌሎች እንግዶች ቅቤውን አሽትተው ኖሯል፤ ጉንዳኖች! ከዛፉ ሥር እስከ ቀፎው ድረስ እንደ ጥቁር ገመድ ተሰልፈው ወጡ። ንቦቹ እኩለ ቀን ሳይሞላ እየተራገሙ ወጡ፣ በኮረብታው ላይ አልፈው ሄዱ። ጉንዳኖቹ ቅቤውን ልሰው ጨርሰው በሰላም ወረዱ።

ኅዳር መጣ፤ ማር የለም። አያ ይርዳው፣ «ግድ የለም፤ ለከርሞ» አሉ። ማንጠግቦሽ ውኃ ልትቀዳ ሄደች፤ በዚያው በረጅሙ መንገድ።

በሁለተኛው ዓመት ልንገርህ ትምህርቱን ይዟል። ቅቤ የለም። ቀፎውን በወይራ ጭስ አጠነው፣ በጠጅ ሳር አሸው፣ ከዛፉ ሥር አመድ ነዛበት። ጉንዳን መጣ፣ አመዱን አየ፣ ተመለሰ። ንብ መጣች፣ ገባች፣ ቆየች። እዚህ ላይ ቢተዋት ኖሮ ተረቴ አሁን ያልቅ ነበር፣ እናንተም ወደ እንቅልፋችሁ ትሄዱ ነበር።

ግን እሱ ልንገርህ ነው። ጠዋት ተነሥቶ የቀፎውን ክዳን ይከፍታል። «እንዴት አደራችሁ? ስሙኝ ልምከራችሁ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው አበባ ይሻላችኋል።» በማግስቱ ይከፍታል። «ይኸ የማር እንጀራችሁ ጠሟል፤ ቀና አድርጋችሁ ሥሩ።» በሠልስቱም ይከፍታል። «አውራዋ የታለች? ከእሷ ጋር የምነጋገረው ጉዳይ አለኝ።»

ንቦቹም መለሱለት። አፍንጫው ላይ መለሱለት፣ ጆሮው ላይ መለሱለት፣ ከንፈሩ ላይ መለሱለት። ወደ ቤት ሲገባ ትጓደድ አላወቀችውም። «ባለቤቱ ጓሮ ነው፣ እዚያው ያነጋግሩት» አለችው።

«እኔ ነኝ እንጂ!» አለ በዚያ ባበጠ አፉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ንቦቹን ለምን አትተዋቸውም?»

«ሳልመክራቸው? ይኸማ...» ብሎ ጀመረ፤ ከንፈሩ ግን አላስጨረሰውም።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ጠዋት ክዳኑን ከፈተ። ከውስጥ ዝምታ ብቻ መለሰለት። ንቦቹ ምክር የሌለበት አገር ፍለጋ ሄደው ነበር።

አሁን ልንገርህ ደነገጠ። ኅዳር ደርሷል፣ ማር የለም፣ ልጁ በየቀኑ ታየዋለች። ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ክፉውን ነገር ያደረገው እዚህ ላይ ነው። «ዘመድ ልጠይቅ» ብሎ ወደ ቆላ ወረደ። ሦስት ቀን ተጉዞ አንዲት ፍየል ሰጥቶ የማር እንጀራ ለወጠና ሦስት ቀን ተጉዞ ተመለሰ። ማሩን በባዶው ቀፎ ውስጥ ደርድሮ አያ ይርዳውን ከሽማግሌዎቹ ጋር ጠራቸው።

«ይኸው የቀፎዬ ማር!» አለ።

አያ ይርዳው መጡ። ማሩን አዩት፣ አሸተቱት፣ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱት። ደግመው ቀመሱት።

«አያ ልንገርህ» አሉ፣ «ንቦችዎ ብርቱዎች ናቸው።»

«ብርቱዎች ናቸው!»

«እጅግ ብርቱዎች ናቸው። ይኸ የግራር አበባ ማር ነው። የእኛ አገር ማር የአደይና የመች አበባ ነው። እንዲህ ያለው ግራር ያለው ቆላ ነው፤ በእግር ሦስት ቀን ያስኬዳል። ንቦችዎ ለመሄጃና ለመመለሻ ስንቅ የሚቋጥሩት በምንድን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የልንገርህ ግን ሳያድር ነው የቀለለው።

አያ ይርዳው ግን አልሳቁም። «ንብ ብትሄድ ትመለሳለች። ውሸት ያለበት ቤት ግን ልጄን አላስገባም። ለመሐላዎ ስል አንድ ዓመት እጠብቃለሁ። ከዚያ በኋላ ደሴ ሌላ ያገባል» አሉና ሄዱ።

ማንጠግቦሽ ከጓዳ ወጣች። ከአባቷ ፊት ቆመች። «አባቴ፣ ንቦቹ ሄዱ። አሁን ደግሞ ደሴ ሊሄድ ነው» አለችና አለቀሰች። ልንገርህ አፉን ከፈተ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋው። እኔም እሱን ስናደድበት ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ አዝንለታለሁ።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ልንገርህ ቀፎውን በእበት መረገ፤ ቅቤ የለም። በወይራ አጠነ፤ በጠጅ ሳር አሸ። አመድ ነዛ። ንብ መጣች፣ ገባች። እሱም ከብሳናው ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አደረገ፣ አፉን በጋቢው ሸፈነ። ምክር ጉሮሮው ድረስ ይመጣል፤ ይውጠዋል። ደግሞ ይመጣል፤ ደግሞ ይውጠዋል። መንደርተኛው፣ «ልንገርህ ታሟል እንዴ?» ይባባል ጀመር። አራሹ እፎይ አለ፣ ሸማኔው እፎይ አለ፣ ቄሱም ቅዳሴያቸውን አስረዘሙት።

ኅዳር ደረሰ። ልንገርህ ጭስ ይዞ ቀፎውን አወረደ፤ ትጓደድ ገበቴ ይዛ ቆመች። ማር! ነጭ፣ እውነተኛ የደጋ ማር! አንድ ቆረጠ፣ ሁለት ቆረጠ፣ ሦስት ቆረጠ። ገበቴው እስከ ግማሹ ሞላ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ። ንቦቹ በቀረው እንጀራ ላይ ተሰብስበው፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ተጭና ይዘውታል።

«ቁረጠው እንጂ!» አለች ትጓደድ። «ይኸ ጋን አይሞላም። የልጅህ ሠርግ ነው!»

«አየሁ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?»

«እንጃ፣ አላውቅም» አለ ልንገርህ። ትጓደድ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅምና ገበቴው ሊወድቅባት ነበር። «አላውቅም፤ ግን ሁለት ጊዜ አበዛሁ፣ ሁለት ጊዜ አጣሁ። ይኸ ቀለባቸው ይመስለኛል። በበጋ ምን ይበላሉ?» ክዳኑን መልሶ ገጠመና ቀፎውን ሰቀለው።

ትጓደድ ጌሾውን ወቀጠች፣ ጠጁን ጣለች። ሲደርስ ጋኑ ግማሽ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ፣ «ውኃ ልጨምርበት? ማን ያውቃል?» አለች በሹክሹክታ።

«አያ ይርዳው ያውቃሉ» አለ ልንገርህ። «ባያውቁስ?» ብሎ ለራሱ ጠየቀና፣ ትንሽ አስቦ፣ «እኔ አውቃለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ማንጠግቦሽ ጓዳ ሆና ታዳምጣለች። ልንገርህ ጋኑን አቀረበና ከፈተው። አያ ይርዳው ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። ግማሽ ነው። በዋንጫ ተቀድቶላቸው ቀመሱ።

«ለምን ግማሽ ሆነ?»

«ግማሹ የንቦቹ ነው» አለ ልንገርህ። «ሙሉ ጋን ላቀርብ አስቤ ነበር፤ አልሞላም። መጀመሪያ ቅቤ ቀባሁ፣ ጉንዳን መጣ። ከዚያ ክዳን እየከፈትኩ አሸሸኋቸው። ከዚያ ዋሸሁ። ንብ ማርባት አላውቅም ነበር። አሁንም ትንሽ ነው የማውቀው። ልጄን ግን በእኔ ጥፋት አይቅጧት።»

አያ ይርዳው ዋንጫውን እስከ አተላው ጨልጠው አስቀመጡት።

«ይህ ጋን ሙሉ ሆኖ ቢቀርብ ኖሮ ልጄን ይዤ እሄድ ነበር» አሉ። «ከአንድ ቀፎ ሙሉ ጋን ጠጅ አይወጣም። ሙሉ ጋን ያቀረበ ሰው ወይ ከገበያ አምጥቷል፣ ወይ ውኃ ጨምሯል፣ ወይ ንቦቹን በረኃብ ፈጅቷል። እንዲህ ካለ ቤት ጋር ልጋባ አልችልም። ግማሽ ጋን ግን የእውነተኛ ሰው ነው። እኔም እዚህ ግማሽ ላይ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። በመጀመሪያው ዓመት ቀፎዬን በበርበሬ አጥኜው ነበር።»

ሽማግሌዎቹ አሁን ጋቢያቸውን ትተው ሳቁ። ከጓዳም ሳቅ ተሰማ።

ልንገርህ ግን ተቆጣ። «አያ ይርዳው! ይህን ሁሉ እያወቁ ሦስት ዓመት ዝም ብለው አዩኝ? ፊቴ ሲያብጥ፣ ልጄ ስታለቅስ? ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

አያ ይርዳው ቀና ብለው አዩት። «ብነግርዎ ይሰሙኝ ነበር?»

ልንገርህ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ትጓደድን አየ፤ እሷም መሬት መሬት አየች። አፉን ዘጋ።

«አልሰማም ነበር» አለ።

እልልታው ከጓዳ ቀድሞ ወጣ። በጥር ማንጠግቦሽና ደሴ ተጋቡ። ጠጁ ለቀደመው ደረሰ፣ ለዘገየው አልደረሰም፤ የዘገዩት ሰዎች የልጅ ልጆች እስከ ዛሬ ያማሉ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አለማወቅ ነውር አይደለም። ሞክሮ መሳትም ነውር አይደለም። ነውሩ የሳቱትን መሸፈን ነው። ሰው «አላውቅም» ያለ ቀን መማር ይጀምራል፤ ልንገርህን ሦስት ዓመት፣ አንድ ቅል ቅቤና አንዲት ፍየል አስከፍሎታል። እናንተ በነፃ ሰማችሁት።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውኃ ያለው ያጠጣኝ፣ የሌለው ይመርቀኝ።