ሐረግ ጠያቂ የጠፋበት በልግ

አንዲት ሴት ጠዋት ተነስታ ፊቷን ታጠበችና ሁለት ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጭ ወረደች። አንዱን ሞልታ ወጣች፤ ተመልሳ ሌላውን ሞላች። በፊት አንዱን እሷ፣ አንዱን ባሏ ይዘው አብረው ይወጡ ነበር። ባሏ በጥቅምት ሞተ። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች።

ውሃውን የምታጠጣው ጓሮዋ ውስጥ ያለውን የስኳር ድንች ሐረግ ነው፤ ውስጡ ብርቱካን የሚመስለውን፣ ለልጆች ዓይን ይበጃል የሚባለውን። ታውቁታላችሁ፤ የስኳር ድንች ዘር እንደ በቆሎ በጆንያ አይቀመጥም። በበጋ ውሃ እያጠጣ ሐረጉን በሕይወት የሚያቆይ ሰው ይፈልጋል። በዚያ መንደር ያ ሰው ባሏ ነበር። የበልግ ዝናብ ሲጥል ጎረቤቱ ከእሱ ጓሮ ሐረግ ይወስዳል። እሱም ሳይቀልድ አይሰጥም ነበር።

ዘንድሮም ዝናቡ ጣለ። ማንም አልመጣም።

አንድ ሳምንት ጠበቀች። ሁለት ሳምንት። ሦስት። "ይመጡ የነበረው ለእሱ ነው፤ ለእኔ አይደለም" አለች በልቧ። ማን ነው እንዲህ ያላት? ማንም። ዝምታውን ራሷ ተረጎመችው።

አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቷን የዘነበችን ድምፅ ሰማች።

"ዲቦራ፣ ገመዱን አታዪም?"

ትንሿ ልጅ በጥጃው ገመድ ተጠልፋ ወድቃለች። ወንድሟ ይስቃል፤ "ትናንትም በርጩማው አደናቀፋት። ሲመሽ እንደ ዶሮ ናት፤ አይታያትም።" እናትየው አልሳቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ ማጭድ አንስታ ሐረግ ቆረጠች። በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ የዘነበችን በር አንኳኳች።

"ልጅቷን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ይሄን ደግሞ ትከዪ።"

ዘነበች ሐረጉን ተቀብላ አቀረቀረች።

"ለምን አልመጣሽም?" አለቻት ሴትዮዋ።

"ሐዘንሽ ሳይወጣ ደጅሽ ቆሜ ሐረግ ቁረጪልኝ ልበል? አፌስ እሺ ይለኛል?"

"እኔ ደግሞ ረሳችሁኝ ብዬ።"

"እንዴት እንረሳሻለን? ጠዋት ጠዋት የጀሪካንሽን ድምፅ እሰማለሁ። ዛሬ ልሂድ፣ ነገ ልሂድ እላለሁ።" ከዚያ ፈገግ አለች። "ደግሞ አምና ይሄን ንቄ ነጩን ስኳር ድንች ነው የተከልኩት። እሱ ቢኖር፣ 'የዱባ ዘመድ ብለሽ የሰደብሻትን ፈልገሽ መጣሽ?' ይለኝ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ።

እህቶቼ፣ ከሁለቱ ክፉዋ የቷ ናት? አንዷ አክብራ ቀረች። አንዷ አዝና ጠበቀች። በመካከላቸው የነበረው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። እግዚአብሔር ዝናቡን አልከለከለም፤ ምንጩንም አላደረቀም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ዝናቡ በባዶ መሬት ላይ ወረደ። ዲቦራ ድንቹን የምትበላበት ቀን በዚያው ልክ ራቀ።

እናንተስ? "ሐዘን ላይ ናት፣ አንረብሻት" ብላችሁ የተዋችኋት ሴት ማን ናት? አንቺስ፣ "ማንም አልመጣም" ብለሽ የተቀመጥሽው፣ ከአጥርሽ ማዶ ያለውን ሰምተሻል? እጅሽ ላይ ያለውን ይዘሽ አንኳኩተሻል?

ሐረጉ ባሏን መለሰላት እያልኳችሁ አይደለም። አይመልስም። አሁን ጓሮዋ ሰው ይገባል፤ ዘነበችም ስታልፍ ትጣራለች። ሴትዮዋ ዛሬም ጠዋት ወደ ምንጭ ወርዳለች። ሁለተኛውን ጀሪካን የሚይዝላት ግን የለም።