ጠጠር የጨመረው አህያ

ነገር የተበላሸው ማክሰኞ ነው፤ ሰኞማ ዕድል ነበር። ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ዘመኑ እንስሳት የሚከራከሩበት፣ ቅልም ሲጠየቅ የሚመልስበት ዘመን ነው።

አህያ፣ በሬ፣ ፍየልና ጦጣ አብረው ይኖሩ ነበር። ውሃ የሚጠጡበት ወንዝ አዞ ነበረበት። አዞው የሚነክሰው ቀድሞ የገባውን ብቻ ነው፤ አንዴ ከነከሰ እስከ ማግስቱ ይተኛል። ታዲያ ማን ይቅደም? በየጠዋቱ ዕጣ ይጣል ተባለ።

ሁሉም የየራሱን ምልክት ቅል ውስጥ ጨመረ፤ በሬ ጭድ፣ ፍየል ቅጠል፣ ጦጣ ሽምብራ። አህያ ግን የማይበላሽ ነገር ይሻላል ብሎ ጠጠር ጨመረ። ጣት ያለው ጦጣ ብቻ ነውና ዓይኑን ጨፍኖ አወጣ። ጠጠር!

አህያ ገባ። አዞው ግራ ጆሮውን ወሰደ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ዕድል ነው» አለው በሬ ውሃውን እየጠጣ። እውነቱን ነው።

ጠጠሩ ወደ ቅሉ ተመለሰ፤ ምልክቶቹም እዚያው አደሩ።

ማክሰኞ አህያ፣ «ትናንት የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ የሌላ ተራ ነው» አለ።

«እኔ ትናንትን አላስታውስም» አለ ቅሉ። «አራት ምልክት ካለብኝ፣ ትናንት ማንም ይውጣ ማን፣ ዛሬም የእያንዳንዱ ዕድል ከአራት አንድ ነው።»

አህያ የተማረ ነበር። አሰበበት፤ ልክ ሆኖ አገኘውና ተስማማ። ጥፋቱ መማሩ ነው። ጠጠር ወጣ፤ ጭራው ሄደ።

ረቡዕ ጦጣ ቅሉን ሲያናውጥ አህያ በቀረችው ጆሮ አዳመጠ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የአንድ ጠጠር ድምፅ ብቻ። ሽምብራውስ?

«ቅል ሆይ፣ ‹አራት ካለብኝ› ነው ያልከው። አንድ ብቻ ካለብህስ?»

«ያማ ከሆነ ሁልጊዜ እሱው ይወጣል።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ስንት እንዳለብኝ ማን ጠየቀኝ?»

አህያ ቅሉን በኮቴው ገለበጠው። አንድ ጠጠር ወደቀ።

«ሰኞ ሲመሽ ራበኝ» አለች ፍየል መሬት መሬት እያየች። «ደግሞ ቅጠሉ የራሴ ነው።»

«እሷ ስትበላ አይቼ ነው» አለ በሬ።

«ሽምብራ ብቻውን ምን ይሠራል ብዬ ነው» አለ ጦጣ። «ዓይኔን ግን ጨፍኜ ነው ያወጣሁት! በዚህ አልታማም!»

ሦስቱ ተማክረው ፈረዱ፦ ቅሉ ትናንትን ስለማያስታውስ ያለፈው አይነሳም፤ ዛሬም ጠጠሩ ወድቋልና ዕጣው እንደወጣ ይቆጠራል።

እናንተ የምትሰሙኝ ግን ጨፍኖ የሚያወጣውን እጅ ከማመናችሁ በፊት ቅሉን ገልብጡት።

አህያው ዛሬም ወንዙ ዳር ቆሟል፤ አልገባም፣ አልተመለሰምም። ሦስቱን ባየ ቁጥር የሚላቸው አንድ ነው፦ «ሰኞን ለዕድል ትቼዋለሁ። የማክሰኞዋን ጭራዬን የበላው ግን አዞው ነው ወይስ እናንተ? መልሱልኝ!»