የቸኮል ምንጭ

አንድ ጊዜ ዶክተር ልሳነወርቅ የሚባሉ የአርኪዮሎጂ ሊቅ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የተሠራ ገዳም ሥር ያስቆፍሩ ነበር። ሰው አጎንብሶ የሚያልፍበት፣ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ቦይ ሲወጣ ሊያብዱ ደረሱ። «ንጉሡ ከጠላት ያመለጡበት ምስጢራዊ መንገድ ነው» አሉ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ለእንግዶች ሊያበስሩ፣ የቦዩ አፍ ላይ ሪባን ሁሉ አሳስረዋል።

ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃውን የጠረገው ቆፋሪ ቸኮል ግን ዝም ማለት አቃተው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ የእጣቢ መውረጃ ነው።»

«የምን እጣቢ?»

«የጠላ ጋን። ጭቃው አተላ አተላ ይሸታል።»

«ንጉሥ አተላ ውስጥ ይሄዳል ነው የምትለው?»

«እኔማ ንጉሥ አላልኩም። ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ሌሎቹ ቆፋሪዎች አካፋቸውን ተደግፈው ሳቃቸውን ዋጡ። ዶክተሩን ያበገናቸው ይሄ ነው።

«ስማ ቸኮል፣ በእኛ ሙያ እንዲሁ መናገር የለም። ምንጭ ጥቀስ። እስከ ስድስት ሰዓት ምንጭ ካላመጣህ አካፋህን አስረክበህ ትሄዳለህ።»

ቸኮል ሌላ ሥራ አልነበረውም። ሽቅብ ወደ ገዳሙ ማድ ቤት ወጣ። እማሆይ አጸደማርያም ለነገው ዝክር ጋን ያጥባሉ።

«እማሆይ፣ እጣቢውን የት ነው የሚደፉት?»

«ድሮ እዚህች ቀዳዳ ነበር። ከተደፈነች ሁለት ዓመቷ። አሁን ተሸክሜ ውጭ ነው፤ ወገቤ አለቀ።»

«ተከፍታለች። ይሞክሯት።»

«አራት ጋን ሙሉ ነው እኮ፣ ልጄ። ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሲመለስ ዶክተሩ ቦዩ ውስጥ ተንበርክከው ንጉሡ የረገጡትን ድንጋይ ይለካሉ። ከላይ ጉምጉምታ ተሰማ።

«ሰማህ?» አሉ፤ «የፈረስ ኮቴ ይመስላል። በፈረስ ነው ያመለጡት ማለት ነው።»

ሳይጨርሱ አተላው ደረሰ። ጠርጎ አወጣቸው፤ ሪባኑን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጺማቸው እየተንጠባጠበ ቸኮል እግር ሥር ተቀመጡ።

ቸኮል ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምንጩን አምጥቻለሁ፣ ዶክተር። ካላመኑኝ በጣትዎ ጠቀስ አድርገው ይቅመሱት።»

አካፋው ከቸኮል እጅ አልወጣም። የዶክተሩም ሪፖርት «ጥንታዊ የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ» ይላል፤ ምንጭ ግን አይጠቅስም።