ያልተኛው የውሃ አባት

አንድ ሸለቆ ውስጥ ሰማንያ ጎጆ የሚያህል ሰው በአንድ የመስኖ ቦይ ይኖር ነበር። ቦዩ ከወንዙ ተጠልፎ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ ሰፋፊ ማሳ ያላቸው ጉልበተኞች አሉ፤ ከታች ደግሞ አንዲት ቁራሽ መሬት ያላቸው ድሆች። እንግዲህ የላይኛው ሰው እስኪበቃው ካጠጣ ለታችኛው ምን እንደሚደርሰው አስቡት። አቧራ! ለብዙ ዘመን የደረሳቸውም እሱው ነበር።

በኋላ ግን የታቾቹ ተባበሩ። ጮኹ፣ ሽማግሌ ላኩ፣ ተሟገቱ፣ ዓመት ሙሉ ታግለው ውሃው በተራ እንዲሆን አስወሰኑ። ለእያንዳንዱ ማሳ በየስምንት ቀኑ አንድ ተራ ደረሰው። ተራውን የሚያስጠብቅ የውሃ አባትም ተመረጠ። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ የውሃ አባት በትሩን ቦዩ አፍ ላይ ተክሎ ሲቆም አንዱ ይጠይቀዋል፤ "ውሃው ለእገሌ ይሁን?" ይለዋል። ሦስት ሰው እያየ የውሃ አባት ራሱን ከነቀነቀ ነገሩ አለቀ። እስከሚቀጥለው ተራ ድረስ ንጉሥም ቢመጣ አይሽረውም።

የተመረጠው አያ ጓንጉል ነበር። አያ ጓንጉል እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ! ጉቦ ገና ከሩቅ ሲሸተው የሚያስነጥሰው ዓይነት ነው። ግን አንድ አመል ነበረበት፤ እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም። በደንቡ ሁለት ረዳቶች ተሰጥተውት ነበር፣ ሳምንት በሳምንት እንዲቀያየሩት። እሱ ግን "እናንተ ልባችሁ ገር ነው፣ ያታልሏችኋል" ብሎ ወደየቤታቸው ሰደዳቸው። ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። ሚስቱ ውዲቱ "ኧረ አንተ ሰው፣ ጎንህን አሳርፍ!" ስትለው "የድሃ ውሃ ጠባቂ ያርፋል እንዴ?" ይላታል። "ለመሆኑ ያገባሁት አንተን ነው ወይስ ቦዩን?" ትለዋለች እሷም።

አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ በመቋሚያው ተደግፎ ሳለ ሸለብ አደረገውና፣ ቄሱ ወንጌል ሊያነቡ ሲሉ "ዝጉት! ተራው የታቾቹ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቁን ለማፈን ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። ሲወጡ ግን ሁሉም "አቤት ታታሪነት! ለእኛ ሲል እንቅልፍ አጣ" እያሉ አደነቁት። ስህተታቸው እዚህ ላይ ነበር፤ ድካሙን ጀግንነት አድርገው ቆጠሩለት።

መጋቢት ሲገባ ወንዙ ቀጠነ። በቦዩ መጨረሻ አገርነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፣ የአራት ልጆች እናት። ያላት አራት መደብ ሽንኩርት ብቻ ነው። የሽንኩርቱ ራስ ገና መወፈር ጀምሯል፤ በዚህ ተራ ካልጠጣ ደርቆ ይቀራል። ከደረቀ ደግሞ እስከ መኸር ልጆቿን የምታበላው የላትም። ተራዋ ረቡዕ ነበር።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ አያ ጓንጉል በትሩን ተክሎ ቦዩ አፍ ላይ ቆመ። ፀሐይዋ ሞቅ አለች፣ ውሃው ኮለል ይላል፣ ዓይኑ ተከደነ። በትሩን እንደያዘ፣ በቁሙ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደው። ጭንቅላቱም ዘንበል፣ ቀና፣ ዘንበል፣ ቀና ይል ጀመር። የሸለቆው ባለ ትልቅ ማሳ የሆኑት ባላምባራስ ይህን ከሩቅ አዩ። ባላምባራስ ሞኝ አይደሉም። ሦስት ሰው አስከትለው መጡና ጠጋ ብለው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "አያ ጓንጉል፣ የዛሬው ውሃ ለኔ ይሁን?" አሉ። ጭንቅላቱ ዘንበል ቀና አለ። "አያችሁ አይደል?" አሉ ለምስክሮቹ። "አየን" አሉ። ውሃው ወደ ባላምባራስ ማሳ ተለቀቀ።

አገርነሽ ውሃውን ጠብቃ ጠብቃ ሲቀርባት ቦዩን ይዛ ሽቅብ ወጣች። ነገሩን ስትሰማ መሬት ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። አያ ጓንጉልም በለቅሶዋ ነቅቶ የሆነውን ሲሰማ ራሱን ያዘ። "ምን ጉድ ሠራሁ! ከእንግዲህ ዓይኔን አልከድንም!" ብሎ ማለ። አገርነሽ ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ በርበሬ መስሏል። "ኧረ ተው አያ ጓንጉል፣ አሁንማ ነገሩ ገባኝ" አለችና እንባዋን ጠርጋ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄደች።

በነጋታው ጠዋት ሽማግሌዎቹ ቦዩ አፍ ላይ ተቀመጡ። አገር ምድሩ ተሰበሰበ። አያ ጓንጉል እንደ መሐላው ሳይተኛ አድሮ በትሩን ተክሎ ቆሟል።

"ማንን ነው የምትከሺው?" አሏት አንጋፋው ሽማግሌ። ሰው ሁሉ ወደ ባላምባራስ ዞረ።

"አያ ጓንጉልን" አለች አገርነሽ።

"ምን አደረገሽ?"

"አይተኛም!"

ሰዉ ሳቀ። ሽማግሌውም ጢማቸውን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ አለመተኛት ምን ጥፋት አለው?" አሏት።

"አባቴ፣ እኛ ዓመት ሙሉ ታግለን የሾምነው የነቃውን አያ ጓንጉል ነበር። ይሄ ሰው እሱን ደበቀብንና የደከመውን አመጣልን። የደከመው ዳኛ ደግሞ ይኸው ልጆቼን ጦማቸውን ሊያሳድርብኝ ነው።"

ባላምባራስ ጣልቃ ገቡ። "የምን ወሬ ነው? በትሩ ተተክሏል፣ ራሱን ነቅንቋል፣ ሦስት ሰው አይቷል። ሥርዓት ሥርዓት ነው።"

"እውነትዎን ነው ባላምባራስ" አለች አገርነሽ። "እነዚያ ሦስቱ ምስክሮች አሉ?"

"አሉ እንጂ!"

"እስቲ ጠጋ በሉልኝ" አለቻቸውና ወደ አያ ጓንጉል ሄደች። ምስኪን፣ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ነበር ያሸለበው። ወደ ጆሮው ተጠግታ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፣ "አያ ጓንጉል፣ የባላምባራስ ተራ ዓመቱን ሙሉ ለኔ ሽንኩርት ይሁን?" አለች። ጭንቅላቱ ዘንበል ቀና አለ። "የልጆቻቸውስ ተራ?" ዘንበል፣ ቀና።

"አያችሁ?"

"እ... አየን" አሉ ምስክሮቹ መሬት መሬቱን እያዩ።

ባላምባራስ ከመቀመጫቸው ተፈናጥረው ተነሱ። "ኧረ በሕግ አምላክ! ሰውየው እንቅልፍ ላይ ነው እኮ!"

ባላምባራስ ምን እንዳሉ የገባቸው ካሉት በኋላ ነው። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ! አንዱ በሌላው ላይ ተደገፈ፣ ሽማግሌዎቹ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፣ ውዲቱማ ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ባላምባራስም እንደ ምንም ፊታቸውን ሊያጠቁሩ ሞከሩና አልሆነላቸውም፤ እሳቸውም ሳቁ። "በቃ በቃ፣ ተረታሁ። የዛሬ ተራዬን ልቀቁላት" አሉ። ውሃው ወደ አገርነሽ ማሳ ሲገሰግስ ልጆቿ እየጮሁ ከጎኑ ሮጡ።

አያ ጓንጉልን ቀስቅሰው ፍርዱን አሰሙት። "ጥፋተኛ ነህ" አሉ ሽማግሌው። "ቅጣትህ ስምንት ቀን እቤትህ መተኛት ነው። ጠባቂህ ውዲቱ ናት።"

"ቦዩስ?" አለ ደንግጦ።

"ረዳቶች ሰጥተንህ የለም እንዴ?"

"ቢያታልሏቸውስ?"

"አንተስ መች ቀረልህ?"

ውዲቱ ክንዱን ይዛ ስትወስደው ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሙሽራ የሚሸኙ ይመስሉ ነበር።

አያ ጓንጉል ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ተቀምጦ ገንፎ በላ። በአራተኛው ከልጆቹ ጋር ገበጣ ተጫውቶ ተሸነፈ፣ ደስም አለው። በአምስተኛው ውዲቱ ከጓሮ ዘፈን ሰማች፤ ለካ ባሏ ነው! ድምፁ እንደሚያምር ረስታው ነበር። "ተመስገን፣ ባሌ መጣልኝ" አለች።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ቦዩ ሲሄድ ረዳቶቹ ለተረኛው ውሃ እየለቀቁ አገኛቸው። ተራ አልተዛነፈም፣ ማንም አልተታለለም። ደስ አለው፣ ትንሽም አፈረ። ከዚያ ዓይኑ ቦዩ ግድግዳ ላይ አረፈ። ውሃው በአንዲት ቀዳዳ ወደ ገደሉ እየሾለከ ይፈስሳል።

"ይሄ ቀዳዳ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ኧረ ቆይቷል! አንተ አጠገቡ ስትቆም ስናይ የምታውቀው መስሎን ነበር" አሉት።

ወራት ሙሉ አጠገቡ ቆሞ አላየውም ነበር። በዚያው ቀን ጭቃና ድንጋይ አምጥተው፣ እየዘፈኑ ደፈኑት። ያን ዓመት ቦዩ መጨረሻ ድረስ የደረሰውን ያህል ውሃ ከዚያ በፊት ደርሶ አያውቅም። የአገርነሽ ሽንኩርት ቡጢ አከለ። ሽማግሌዎቹም አዲስ ደንብ ጨመሩ፤ በየሦስት ሳምንቱ አንዱን ሳምንት የማያርፍ የውሃ አባት ከሹመቱ ይነሳል አሉ።

ወዳጆቼ፣ ለተበደለ የሚቆም ሰው ሥጋ ለባሽ ነው። ዓይኑ ይደክማል፣ ጆሮው ይደነቁራል፣ ፍርዱ ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ያው የቆመለት ድሃ ነው። ለፍትሕ የሚሠራ ሰው ማረፉ ለሚያገለግላቸው ሰዎች ያለበት ግዴታ ነው። ብቻውን ማረፍ ስለማይችል ደግሞ ጓደኞቹ ሊያሳርፉት፣ እሱም ሊያምናቸው ይገባል። ደክሞ ስናየው ማጨብጨባችንን ትተን ትከሻውን ብናግዘው ይሻላል።

እስቲ እርስዎም ራስዎን ይጠይቁ፤ ለሰው ብለው የቆሙበት ቦታ ካለ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጠግበው የተኙት መቼ ነው? በአጠገብዎስ "አንተ እረፍ፣ እኔ አለሁ" ሊባል የሚገባው ሰው ማን ነው?