የእመት ቀበሮ የኪራይ ክፍል

አንድ ጊዜ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳርቻ፣ አንዲት አህያ ከውርንጭላዋ ጋር የሚከራይ ክፍል ስትፈልግ ዋለች። ባለፈው ዓመት የወለደችውን ልጇን ጅብ በጨለማ ነጥቋት ነበርና፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ምኞቷ መብራት ያለው ቤት ነበር።

ቀበሮ ከግቢዋ በር ላይ ሆና ጠራቻት። «ነይ እህት ዓለም! ክፍሉ ያውልሽ። ኪራዩ በወር አንድ ቁና ገብስ፣ ውሃና መብራት ጨምሮ ነው።»

አህያ ክፍሉን ዞራ አየችው። አምፖል አለ፤ ማብሪያ ግን የለም። የበሩ መቀርቀሪያም በውጭ በኩል ነው። ልትጠይቅ አፏን ከፈተች።

«ማብሪያው እኔ ክፍል ነው» አለች ቀበሮ ቀድማ። «መቀርቀሪያው ለሌባ ነው። ምነው፣ አላመንሽኝም እንዴ? እዚህ ግቢ እኮ የምንኖረው እንደ ቤተሰብ ነው።»

አህያን ይሉኝታ ያዛት። «ኧረ እመት ቀበሮ፣ ምን በወጣዎት!» ብላ ገባች።

ቧንቧው ከደረቀ ቆይቶ ነበር። በማግስቱ ቀበሮ ሁለት ጀሪካን ጀርባዋ ላይ ጫነችባትና «ከወንዝ ይዘሽ ነይ፣ ለሁላችንም ይሆናል» አለቻት። አህያ ከኪራዩ ጋር የተሰጣትን ውሃ ራሷ ተሸክማ ትጠጣ ጀመር። መብራቱም ቀበሮን እንቅልፍ ሲጫናት ይጠፋል። «ነገ እነግራታለሁ» ትላለች አህያ፤ ነገ ሲደርስ ግን ጀሪካኖቹን ተሸክማ ወደ ወንዝ ትወርዳለች።

አንድ ቀን ወደ ማታ ከወንዝ ስትመለስ፣ ከአጥሩ ወዲያ የምታውቀውን ድምፅ ሰማች። ጅብ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ሊከራይ መጥቷል።

«በየሳምንቱ አንድ ቅልጥም ነው፣ አያ ጅቦ። ውሃና መብራት ጨምሮ።»

«ውሃ ምን ያደርግልኛል? መብራትም ዓይኔን ያመኛል። እራት ይጨምራል?»

«ቀስ በል አንተ! ጎረቤትህ ማን እንደሆነች እኮ አልነገርኩህም።»

ጅብ አሰበ። አሰበና አልገባውም። ቀበሮ ጆሮው ላይ ስታንሾካሹክለት ግን ግቢው እስኪናወጥ ሳቀ። «እራትም ጨምሮ!»

አህያ ጀሪካኖቹን እንደተሸከመች ገባች። «እመት ቀበሮ፣ እኛ... ልንወጣ ነው።»

«በዚህ ምሽት? ጎረቤትሽ ለቀልድ በሳቀ? ነውር ነው እህቴ! የሰፈሩ ሰው ምን ይላል?»

አህያ አንገቷን ደፋች። «እንግዲያው ለዛሬ እንኳ መብራቱን አያጥፉብን።»

«ካጠፋሁ ልጆቼን ይንሳኝ!»

ጀንበር ጠልቃ ብዙም ሳይቆይ መብራቱ ጠፋ። መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ተንሸራቶ በሩ ሲከፈት ተሰማ። አህያ በጨለማ ውስጥ ባላት ጉልበት ሁሉ ተራገጠች፤ የመታችው ግን ግድግዳውን ነበር።

ሲነጋ ያለ ውርንጭላዋ ክፍሉ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ከግቢው ስትወጣ ቀበሮ በሩ ላይ ከአንዲት ፍየል ጋር ቆማለች። ሁለት ግልገሎች ከፍየሏ እግር ሥር ይዘላሉ። «ክፍሉ ዛሬ ተለቋል» ትላለች ቀበሮ፤ «ውሃና መብራት ጨምሮ ነው።»

አህያ ቆመች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሉኝታ አልያዛትም። «እህቴ፣ መቀርቀሪያው ለምን በውጭ እንደሆነ ጠይቂያት። ማብሪያው በማን እጅ እንዳለ ጠይቂያት!»

ፍየል አንዴ አህያን፣ አንዴ ቀበሮን አየች። ከዚያ አፈረች። «ኧረ ምን በወጣቸው! እመት ቀበሮ ደግ ይመስላሉ» አለችና ግልገሎቿን እየነዳች ገባች።

ከዚህ የምንማረው፣ ደጅ ላይ ቆመን በይሉኝታ የዋጥነው ጥያቄ ከገባን በኋላ እንባ ሆኖ እንደሚወጣ ነው።